ማስተዋል እንዳትተኛ

ሐኪም ፊት ቆሞ ያልገባውን ነገር «ገባኝ» ብሎ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ይህን ባያነብ አልቀየመውም። እኔ የማወራው ከቀረነው ጋር ነው፤ ነጭ ጋዋን ስናይ አንገታችን በራሱ ሥልጣን መነቅነቅ ከሚጀምረው፣ ከክፍሉ ወጥተን ደጁን ሳንሻገር «ቅድም ምን ነበር ያለችው?» ከምንባባለው ጋር። ከቀረነውም ውስጥ እኔ ሳልብስ አልቀርም።

ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ የመጣሁ የውኃ ባለሙያ ነኝ። ቧንቧው የት እንደፈነዳ፣ የት እንደደረቀ ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራዬ። ውኃ በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ እኔን ያያል፤ እኔ ደግሞ ሰማዩን አያለሁ። ሁሉም «ባለሙያው» ይለኛል፤ የምን ባለሙያ እንደሆንኩ ግን አጣርቶ የሚጠይቅ የለም። ይህም ኋላ ጉድ ይዞ መጣ።

የምኖረው ቄስ ሞላ ግቢ ውስጥ ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይቼ። ቄስ ሞላ ሲናገሩ የማይጣደፉ፣ ሲያዜሙ ደግሞ መንገደኛ የሚያስቆሙ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ የዋግ ኽምራዋ ዝቋላ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በኽምጥኛ ስለሆነ አማርኛውን እንደ ጨው ቆንጠር እያደረገች ነው የምትጠቀምበት። ቄሱ ሁለቱንም ይችላሉ፤ ግዕዙ ሲጨመር ሦስት ይሆናል። እኔ የምችለው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ስደነግጥ ይጠፋኛል።

ልጃቸው ማስተዋል ትባላለች፤ አራት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጡላት ምን ተስፋ አድርገው እንደሆነ አላውቅም። ዶሮ ታሳድዳለች፣ ድንጋይ ትልሳለች፣ ከፍየል ጋር ቆማ ትከራከራለች፤ በክርክሩም የምትረታው አንዳንዴ ብቻ ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት በራፌ ላይ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ቀና ስል ማስተዋል አንድ ግልገል ተከትላ ካቡ አናት ላይ ወጥታለች። ግልገሉስ ለካብ የተፈጠረ ነው፤ እሷ አይደለችም። «ውረጂ!» ልል አፌን ስከፍት ሳሙናው ገባበት። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን አልገልጸውም፤ ከድምፁ በኋላ የነበረውን ዝምታ ግን ልንገራችሁ። ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ ሰው ይሮጣል። ልጅ ወድቆ ዝም ሲል ግን ባለበት ይቆማል። እኔም ሳሙናዬን ይዤ ቆምኩ። ወይዘሮ ትርንጎ ከቤት ተስፈንጥራ ወጥታ፣ እኔን እንደ ዕቃ ገፍትራ አልፋ፣ ልጇን ከመሬት ስታነሣት ነው ማስተዋል ትንፋሿ ተመልሶ የጮኸችው። ግንባሯ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ዓይናችን እያየ ወጣ።

ባጃጅ ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል በረርን። በረርን ስል ለአባባል ነው፤ መንገዱ ድንጋይ ነው። ባጃጇ በዘለለች ቁጥር ቄሱ «እግዚኦ» ይላሉ፤ ልጅቷ ትጮኻለች፤ እናቷ እብጠቱን በመዳፏ ጋርዳለች። እኔ ምንም የማደርገው ስለሌለ ሾፌሩን «ቶሎ በል!» እለዋለሁ፤ ሲፈጥን ደግሞ «ቀስ በል!» እለዋለሁ። በመጨረሻ ሰውዬው ዞር ብሎ «አንዱን ምረጥልኝ» አለኝ።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘነው ዶክተር ወጣት ነው፤ እጁ ግን አይቸኩልም። ዓይኗን በመብራት አየ፣ አንገቷን ዳሰሰ፣ አቁሞ አስኬዳት፣ ጣቱን አጥብቃ እንድትይዝ ጠየቃት። ያዘችና ነከሰችው።

«ይሄ ጥሩ ነው» አለ ጣቱን እየጠረገ። «ለጊዜው የሚያሰጋ ነገር አላየሁም። ትንሽ እዚህ ትቆይና ቤት ወስዳችሁ ትከታተሏታላችሁ። ምን ምን እንደምትከታተሉ ሲስተር ትነግራችኋለች።»

እኔ «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ሰማሁ። ሌላውን ሁሉ ትቼ እሷን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

ሲስተሯ ልትነግረን ስትመጣ ቄስ ሞላ ለሕመሙ የታዘዘላትን ሽሮፕ ሊገዙ ወጥተዋል። እናቷ የምታለቅሰውን ልጅ ይዛ ወዲያ ወዲህ ትላለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። ሲስተሯ አንድ በአንድ፣ ጣቷን እያጠፈች ነገረችኝ። ኋላ እንደተረዳሁት ያለችው ሁሉ ጥርት ያለ ነበር። የተበላሸው ከሷ አፍ ወጥቶ እኔ ጆሮ እስኪደርስ ባለችው ቦታ ላይ ነው። «ደጋግሞ ካስመለሳት» ስትል ሰማሁ። «ከተንቀጠቀጠች» ስትል የራሴ ጉልበት እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ልብ አልኩና «እኔም እቆጠር ይሆን?» ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ቃላቱ እንደ መኪና መስኮት ዛፍ እየተወረወሩ አለፉ፤ ዓይን... ጆሮ... ማስተዋል... እንቅልፍ...

«ገባህ ወንድሜ?»

«ገባኝ።»

«ለቤተሰቡ በደንብ ታስረዳቸዋለህ?»

«አሳምሬ!»

ቄስ ሞላ መጡና የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያለ ጥላ ሥር ቆምን። «እህስ፣ ልጄ፣ ምን ታዘዝን?» አሉኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አንደኛ፣ ማስተዋል ከጠፋ ቶሎ መልሳችሁ አምጧት ተብሏል።»

ወይዘሮ ትርንጎ ይህችን አማርኛ ያለ አስተርጓሚ ሰማቻት። ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። «ወዴት ትጠፋለች? ማነው የሚወስዳት?» አለች ግራ ቀኝ እያየች። ቀጥላም፣ እኔን፦ «ከጠፋችስ ምኗን ነው የማመጣው?»

ቄሱ ነገሩ ስለ ልጅቷ ስም ሳይሆን ስለ ልቦናዋ መሆኑን በኽምጥኛ አስረዷት። እኔ አንድ ሐረግ በተናገርኩ ቁጥር እሳቸው አንድ ምዕራፍ ይተረጉማሉ። ምን እንደሚጨምሩበት አላውቅም፤ የሴትዮዋ ፊት ግን እየገረጣ፣ እየገረጣ ሄደ።

«እንቅልፍስ? ትተኛ ወይ?» አሉ ቄሱ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሲስተሯ እንቅልፍ ማለቷን አውቃለሁ። ስለ እንቅልፍ ምን እንዳለች ግን አላውቅም። ሰው ያልሰማውን «አልሰማሁም» ቢል ምን ነበረበት? ተመልሶ ቢጠይቅስ? በሩ እኮ እዚያው ነው! ግን እኔ ባለሙያው ነኝ። ልጅ ሆኜ በአገሬ ራሱን የተመታ ሰው እንዳይተኛ ሲጠበቅ አይቻለሁ፤ ባዶውን ቦታ ያ ትዝታ ዘልሎ ገባበት።

«እንዳትተኛ» አልኩ።

«እስከ መቼ?»

ፍርሃት ያለው ሰው ሲጠየቅ አብዝቶ ይመልሳል። «እስኪነጋ።»

ቤት ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ሞልቶት ጠበቀን። እኔ መሐል ቆሜ ትእዛዙን አስተላለፍኩ፤ ትተኛና ጉድ ይፈላል! ማንም ዓይኑን ከልጅቷ እንዳይነቅል! ሕዝቡ ዓይኑን ተከለባት። ማስተዋል ይህን ያህል ተመልካች አግኝታ ስለማታውቅ መጀመሪያ ላይ ደስ አላት፤ ጨፈረች፣ ምላሷን አወጣች፣ የወደቀችበትን ካብ በኩራት አስጎበኘች።

እኔ የዓይን ኃላፊ ሆንኩ። የዓይኗ ጥቁር ክብ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ መታየት እንዳለበት ትዝ ብሎኛል። የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁ፤ የግራው የበለጠ መሰለኝ። ለማመሳከር የእናቷን አየሁ፤ የሷም የተበላለጠ መሰለኝ። የቄሱን አየሁ፤ እንደዚያው። በመስተዋት የራሴን ሳይ አንዱ ጭራሽ የሌለ መሰለኝ። ዘወር ስል ያ ግልገል ካቡ ላይ ቆሞ ያየናል፤ የዓይኑ ጥቁር ደግሞ እንደ ስንጥቅ የተጋደመ ነው። የፍየል ዓይን ሁልጊዜም እንዲህ መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም ነበርና «እሱም ወድቋል እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰዉ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለብዙ ሰዓት ሳቅ አልሰማሁም።

ማስተዋል ቀትር ላይ ሸለብ ማድረግ ልማዷ ነው። ዓይኗ መክደን ሲጀምር ግቢው ተናወጠ። «ኧረ ልትተኛ ነው!» ቄስ ሞላ ሊያነቋት ብለው ዜማ ጀመሩ። ለሌላው ሰው ዜማቸው የሞተ ያነሣል፤ ለማስተዋል ግን ከተወለደች ጀምሮ ያንቀላፋችበት እሽሩሩዋ ነው። ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር አንገቷ እየዘመመ ሄደ።

«አባ፣ ተዉ! እያስተኟት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ቄሱን ዜማ አቁሙ ብሏቸው የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። አፋቸውን እንደከፈቱ አዩኝ። ከዚያ ገብተው ጸናጽል ይዘው መጡ፤ ጆሮዋ ሥር ሲያንሿሿው ልጅቷ ደንግጣ ብድግ አለችና እሪ አለች። «እሰይ፣ ነቃች!» አልን በአንድ አፍ።

ጎረቤታችን እማማ ለምለም በቅል ነጭ ማር ይዘው መጡ። «ማር የቀመሰ አይተኛም» አሉ። «ባለሙያው ምን ይላል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ስለ ማር የማውቀው መጣፈጡን ብቻ ነው። «አይከፋም» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ባዛጋች ቁጥር፣ አፏ በተከፈተበት፣ አንድ ሰው ማር ያጎርሳታል። ያዛጋችውን ጊዜ ማን ቆጠረው።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ መልኩን ቀየረ። ማስተዋል መጫወት ተወች። የቀረበችውን ሁሉ መማታት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ማልቀሱንም መሐል ላይ አቁማ ባዶ ግድግዳ ማየት ጀመረች። ስትሄድ እግሯ ተጠላለፈ። አባቷ ጎንበስ ብለው «ማስትዬ፣ እኔ ማነኝ?» አሏት። ትኩር ብላ አየቻቸውና «በግ» አለች።

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ከንፈሩን አላቀቀ፤ መልሶ ገጠመው። ቀልድ ነው ወይስ ምልክት? ወደ እናቷ ዞርኩና «ወትሮም በግ ትላቸዋለች?» አልኳት። ወይዘሮ ትርንጎ እንባዋ ኮለል አለ። ልጅቷም ያኔ ጎንበስ አለችና አስመለሳት።

የዚያን ሰዓት ፍርሃት በቀልድ ላሳንሰው አልችልም። ሲስተሯ በጣቷ የቆጠረቻቸው ነገሮች ሁሉ ዓይኔ ፊት ተሰልፈው ቆመዋል። ወይዘሮ ትርንጎ ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ማንንም ሳትጠብቅ ወደ በሩ ተራመደች። ከነጠላው ሥር የተንጠለጠለች አንዲት ትንሽ እግር አየሁ፤ ጫማዋ ወልቋል። ጫማውን አንሥቼ ተከተልኳቸው። ባጃጅ ውስጥ ያን መዳፌን የማይሞላ ጫማ ይዤ፣ «ይህች እግር እንደገና ትሮጥ እንጂ የፈለገችው ካብ ላይ ትውጣ» እያልኩ ነበር። ሾፌሩን ቶሎም ቀስም አላልኩትም።

ሲስተሯ ስታየን ከወንበሯ ተነሥታ ልጅቷን ተቀበለች። ዶክተሩም መጣ።

«ስንት ጊዜ አስመለሳት?»

«አንድ ጊዜ» አሉ ቄሱ።

«ምን በልታ ነበር?»

«ማር» አሉ ቄሱ።

«ምን ያህል?»

«እኔስ ጥቂት ነው የሰጠኋት» አሉ። «እማማ ለምለምም ጥቂት። እናቷም ጥቂት። ይሄ ልጅም...» ወደ እኔ አዩ። «ጥቂት» አልኩ። ሲስተሯ ጥቂቶቹን በልቧ ደመረቻቸው መሰለኝ፤ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ።

«ከጠዋት ወዲህ ተኝታለች?»

ቄስ ሞላ ኮራ አሉ። «ኧረ በጭራሽ! ዓይኗን እንኳ አላስከደንናትም!»

«ለምን?»

ቄሱ አዩኝ። ወይዘሮ ትርንጎ አየችኝ። ዶክተሩ እነሱ የሚያዩትን አይቶ አየኝ። እኔም ከኋላዬ ሌላ ሰው ካለ ብዬ ዞር አልኩ፤ ግድግዳ ነው።

ሲስተሯ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ «ትተኛ ነበር እኮ ያልኩህ» አለች። «ትተኛ፤ ግን በመሐሉ ቀስቅሱና በደንብ መንቃቷን እዩ ነው ያልኩት።»

ዶክተሩ ልጅቷን እንደ ጠዋቱ ከራስ እስከ እግር መረመራት፤ አሁን ጣቱን ከአፏ አርቆ። «የደከማት ትመስላለች» አለ። «ግን አስመልሷታልና አልለቃችሁም፤ እዚሁ ዓይኔ ሥር ትቆያለች። ትተኛ።» ነገሩን ጨርሶ ሳይናገር ማስተዋል አልጋው ላይ ተኝታለች።

ሲስተሯ ለእናቲቱ በርጩማ አቀረበችላት። «ነይ እናቷ፣ ከፊቴ ተቀመጪ። አባ፣ እርስዎ ይተርጉሙልኝ፤ እኔ ያልኩትን ብቻ።» ወደ እኔ ዞራ «አንተ ዝም በል» አለችኝ። በዚያ ቀን የታዘዝኩትን በትክክል የፈጸምኩት ያችን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ትናገራለች፤ ትቆማለች። ቄሱ በኽምጥኛ ይመልሱታል። ከዚያ «እስቲ አሁን አንቺ ንገሪኝ» ትላታለች። ወይዘሮ ትርንጎ በከፊል በአፏ፣ በከፊል በእጇ መለሰች። ዓይኗን ከፈት አድርጋ ጥቁሩን አሳየች፤ ከጆሮ ወይ ከአፍንጫ የሚፈሰውን ውኃ በጣቷ ሣለች፤ ትውከቱን ስታሳይ ሲስተሯ «አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ» አለቻት፤ «ግን በአንዱም ከፈራሽ ነይ፤ ማንም አይቆጣሽም።» ወይዘሮ ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያም ለባሏ የሆነ ነገር በለሆሳስ አለቻቸው። ቄሱ ወደ ሲስተሯ ዞሩ።

«እንቅልፉንና... ያኛውን በምን እለያለሁ? ትላለች።»

«ያኛው» ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እኔ ልጅቷ ከወደቀችበት ሰዓት ጀምሮ ስፈራ የዋልኩት እሱን ነበር፤ የምፈራውን ጠይቆ ማወቅ እንደሚቻል ግን አልመጣልኝም።

ሲስተሯ እጇን ያዘቻት። «ስትቀሰቅሻት ትነቃለች። ልጅሽን ታውቂያታለሽ፤ ወትሮ ስትነቃ እንደምትሆነው ከሆነች እንቅልፍ ነው። አልነቃ ካለች፣ ነቅታም ካላወቀችሽ፣ አንድ ደቂቃ አትጠብቂ። ለመሆኑ ስትቀሰቅሻት ምን ትሆናለች?»

ወይዘሮ ትርንጎ አስተርጓሚ አልጠበቀችም። «ትቆጣለች» አለች በአማርኛ።

ተቀመጥን። ቀኑን ሙሉ እንዳትተኛ የፈራኋት ልጅ አሁን ተኝታ ስትታይ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። ደረቷ ከፍ ሲል እኔም አብሬ አየር እስባለሁ፤ ዝቅ ሲል ከፍ እስኪል እጠብቃለሁ። በመሐሉ ትንፋሼን ከሷ ጋር ማስተካከል አቅቶኝ ራሴ ልወድቅ ነበር። ቄስ ሞላ ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል።

ሲስተሯ መጥታ «አሁን ቀስቅሻት» አለች።

ወይዘሮ ትርንጎ ጎንበስ ብላ ስሟን ጠራች። ምንም። ጉንጯን ዳሰሰች። ምንም። የቄሱ ከንፈር ቆመ። ዶክተሩ ከወዲያ ማዶ ጠረጴዛው ላይ ሲጽፍ የነበረውን ትቶ ቀና አለ። ወይዘሮ ትርንጎ ልጇን በብብቷ ይዛ ብድግ አደረገቻትና ጆሮዋ ላይ በኽምጥኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። የልጅቷ ቅንድብ ተንቀሳቀሰ። ዓይኗ ተከፈተ። እናቷን አየች። አባቷን አየችና «አባ» አለች፤ በግ አላለችም። ቀጥላ እኔን አየች፤ ወዲያው ዓይኗን ጭፍን አድርጋ ዘጋችው።

«ወይኔ! ሄደች!» ብዬ ጮኽኩ።

«አልሄደችም» አለች ወይዘሮ ትርንጎ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያላየሁት ፈገግታ ከንፈሯ ጫፍ ላይ መጣ። «አንተን አይታ ነው። ደግሞ እንቅልፍ ሊነሣኝ መጣ ብላ ነው። እባክህ ውጣላት።»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ያች ድምፅ፣ ከፍየል ጋር የምትከራከረው ያች ቀጭን ድምፅ፣ ግድግዳውን ሰንጥቃ መጣች፦ «ተዉኝ! ልተኛበት!» ቀጥሎ የጥፊ ድምፅ ሰማሁ፤ ያረፈው ማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። ቄስ ሞላ ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ።

ሲስተሯ በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አወጣች። «ምን አለች? ሰማሃት?»

«ተቆጣች» ልላት ነበር። እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዶክተሩ አንድ ጊዜ ደግሞ አይቷት፣ ወይዘሮ ትርንጎም የምትጠብቀውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነግራው፣ ወደ ቤት ሸኘን። ባጃጅ ውስጥ ማስተዋል እናቷ ትከሻ ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ገበያ የዋለ አህያ መንገዱን ዘግቶብን ሾፌሩ ጡሩምባውን ሊነፋ እጁን ሲያነሣ፣ ቄስ ሞላ ከኋላ ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

«ቀስ፣ ልጄ» አሉት። «ማስተዋል ተኝታለች።»